ማን ማንን ይነቁራል?

የመሥሪያ ቤት መዋቅር በሣጥንና በቀስት ተስሎ፣ ማኅተም አርፎበት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አምኖ የሚያነበው አዲስ ተቀጣሪ ብቻ ነው። ነባሩ የሚያየው ሌላ ነገር ነው፦ ማን ሲናገር ሰው እንደሚያቋርጥ፣ የማን ቀልድ ሳያስቅ እንደሚያስቅ፣ ሻይ ሲመጣ የመጀመሪያው ብርጭቆ ወዴት እንደሚሄድ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ያልተጻፈ ደረጃ «ፔኪንግ ኦርደር» ይሉታል፤ የመናቆር ተራ እንበለው።

አባባሉ በቀጥታ ከዶሮ ቤት የወጣ ነው። ኖርዌያዊው የእንስሳት ተመራማሪ ቶርሌይፍ ሼልደሩፕ-ኤበ ከልጅነቱ ጀምሮ የትኛዋ ዶሮ የትኛዋን እንደምትነቁር ሲከታተል አድጎ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ያየውን በጀርመንኛ አሳተመ። እንግሊዝኛው ብዙም ሳይቆይ ወሰደው።

ዶሮዎች ደረጃቸውን የሚቆርጡት በጠቅላላ ጉባኤ ሳይሆን ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው። 10 ዶሮ ባለበት ቤት 45 ጥንድ አለ፤ ስለዚህ 45 ጉዳይ ይዳኛል። ይግባኝ እምብዛም የለም። አንዴ ከተዳኘ በኋላ ጠቡ ይቀንሳል፤ የበላይዋ ቀና ስትል የበታቿ ገለል ትላለች። ቀድማ የምትበላውና ጥሩውን ቆጥ የምትይዘው ማን እንደሆነች መናገር አያስፈልግም።

ሰላሙ የሚደፈርሰው አዲስ ዶሮ ሲገባ ነው። ልምድ ያለው አርቢ አንዲትን ዶሮ ብቻዋን መንጋ መሃል አይጥላትም። ሁለት ሦስት አድርጎ ያመጣል፤ በሽቦ ከልሎ ለሳምንት ያህል እንዲተያዩ ያደርጋል፤ መመገቢያና መጠጫም ይጨምራል። አንድ መመገቢያ ብቻ ካለ የበላይዋ እላዩ ላይ ትቆምና የመጨረሻዋ ትከሳለች። የደማች ካለችም ቶሎ ትለያለች፤ ደም ያዩት ሌሎቹ መንቆር ይጨምራሉና። ሰው ቀጣሪ ግን አዲሱን ሰኞ ጠዋት ብቻውን ስብሰባ መሃል ይጥለውና «እስቲ ራስህን አስተዋውቅ» ይለዋል። የደማ ካለ ደግሞ ግምገማ ይጠራለታል።

አባባሉን ያለቦታው የሚያውሉት አሉ። ሻምበልና ሻለቃን የሚለየው ትከሻቸው ላይ ተሰፍቷል፤ የዘውድ ወራሽነትም በሕግ ተቆጥሯል። እነዚህ ፔኪንግ ኦርደር አይባሉም። ቃሉ የሚያምርበት ማንም ሳያውጅ ሁሉም የሚያውቀው ደረጃ ላይ ነው። የእንግሊዝ የስፖርት ጋዜጠኞች ያለ እሱ መጻፍ የሚችሉም አይመስልም፤ ክለቡ አዲስ አጥቂ ሲገዛ ነባሩ «በፔኪንግ ኦርደሩ ወረደ» ይላሉ። አልተባረረም፣ ደሞዙም አልተነካ፤ በ85ኛው ደቂቃ መስመር ዳር ሰውነቱን ያሟሙቃል እንጂ። የፋይናንስ ምሁራንም ተውሰውታል፦ እ.ኤ.አ. በ1984 ስቱዋርት ማየርስና ኒኮላስ ማጅሉፍ ባሳተሙት ሥራ የተስፋፋው ንድፈ ሐሳብ፣ ኩባንያ ገንዘብ ሲፈልግ መጀመሪያ የራሱን ትርፍ፣ ቀጥሎ ብድር፣ ሌላ መላ ሲያጣ አዲስ አክሲዮን ወደ መሸጥ እንደሚሄድ ይናገራል። እዚህ ማንም ማንንም አይነቁርም፤ ብድሩ መመለሻው እስኪደርስ።

እኛ ዘንድ ደግሞ ዶሮዋ ከታረደችም በኋላ ደረጃ አለ። 12 ብልት ሆና ወጥ ውስጥ ትገባለች፤ ፈረሰኛው ለአባወራው ይወጣል፣ ልጅ ክንፉን ይዞ ዝም ይላል። በሕይወቷ የመንጋው አለቃ ትሁን የመጨረሻዋ፣ ድስቱ አይጠይቅም።

ሼልደሩፕ-ኤበ ያስተዋለው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ለቢሮ ሰው ከሁሉም የሚጠቅመው ይሄ ሳይሆን አይቀርም። ተራው ሁልጊዜ ቀጥ ያለ መሰላል አይደለም። አንዳንዴ ሀ ለን ትነቁራለች፣ ለ ሐን፣ ሐ ዞራ ሀን። ሥራ አስኪያጁ ጸሐፊዋን ይቆጣል፤ ጸሐፊዋ የሾፌሩን የውሎ አበል ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ታሳድራለች፤ ሾፌሩ ደግሞ ሥራ አስኪያጁን ቀና ብሎ ያየዋል፤ ትናንት ማታ መኪናዋ የት እንደቆመች የሚያውቀው እሱ ነዋ!