አንድ ኤፍ እንዴት ሙሉ ዓመት ይበላል?

የአራት ዓመት ትምህርት አምስት ወይም ስድስት ዓመት ሲፈጅ ጣት የሚቀሰረው ተማሪው ላይ ነው። ሰነፈ፣ ቀለደ ይባላል። እንዲህ ያለ ተማሪ አይጠፋም፤ ነገር ግን ብዙው መዘግየት የሚመነጨው ከኮርሶች አደራደር ነው ባይ ነኝ።

በሂሳቡ እንጀምር። 120 ክሬዲት በሚጠየቅበት ሥርዓት በ8 ሴሚስተር ለመጨረስ በየሴሚስተሩ 15 ክሬዲት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ግን ለፌዴራል የገንዘብ ድጋፍ 12 ክሬዲት የያዘ ሁሉ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ይባላል። 12 በ8 ሲባዛ 96 ነው። አንድም ኮርስ ሳይወድቅ 24 ክሬዲት ይጎድለዋል፤ በያዘው ፍጥነት ሁለት ሴሚስተር መሆኑ ነው። አስቀድሞ የነገረው ከሌለ የሚነቃው መመረቂያው ሲቃረብ ነው።

የባሰው የቅድመ ሁኔታ ኮርሶች ሰንሰለት ነው። በምህንድስና ካልኩለስ አንድን ያላለፈ ካልኩለስ ሁለትን አይወስድም፤ ያለ እሱ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን የለም፤ ከዚያ በኋላ ያሉት የሙያ ኮርሶችም በዚሁ ላይ የቆሙ ናቸው። ኮርሱ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ መጀመሪያው ላይ ኤፍ ያገኘ ተማሪ የጎደለው አንድ ኮርስ ቢሆንም የሚከፍለው ሙሉ ዓመት ነው። እስከዚያ የሚሞላቸው ምርጫ ኮርሶች ክሬዲት ቢጨምሩለትም ምረቃውን አያቀርቡለትም። ፈርቶ ድሮፕ ያደረገም ነጥቡን ያድናል እንጂ ሰንሰለቱ እኩል ይበጠስበታል። ስለዚህ ተማሪው ምዝገባ ላይ ማየት ያለበት የትኛው ኮርስ ስንት ኮርስ እንደሚከፍት ነው። ብዙ የሚከፍተው ከወደቀ በክረምት ይደገም። ዲፓርትመንቱም እነዚህን ጥቂት ኮርሶች በሁለቱም ሴሚስተር ይስጥ። መምህር የለም ይባላል፤ ለአምስት ተማሪ ለሚከፈት ምርጫ ኮርስ ግን መምህር ሲገኝ እናያለን።

የትምህርት ክፍል ወይም ዩኒቨርሲቲ የቀየረውም ዕጣው ተመሳሳይ ነው። ክሬዲቱ ይያዝለታል፤ ብዙ ጊዜ የሚያዝለት ግን በዋና ኮርስ ምትክ ሳይሆን በነፃ ምርጫ ስም ነው። ከመቀየሩ በፊት የትኛው ኮርስ በየትኛው እንደሚተካ በጽሑፍ ያስፈርም።

መጨረሻ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። እዚህ የሚያዘገየው ከመጻፉ ይልቅ መጠበቁ ነው፤ የመረጃ ፈቃድ ደብዳቤ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ ረቂቁን ይዞ የሚቀመጥ አማካሪ። ፈቃዱን ሳይጠይቁ ርዕስ ማጽደቅ ራስን ማሰር ነው። አማካሪው ረቂቅ የሚመልስበት የጊዜ ገደብም መመሪያው ውስጥ ይግባ።

ኪሱ የሳሳ ተማሪም አለ። በአውሮፓው አሠራር የአንድ ዓመት ትምህርት ከ1,500 እስከ 1,800 ሰዓት ሥራ ነው፤ ለኑሮው በሳምንት 20 ሰዓት የሚሠራ ሰው ይህን ከየት ያመጣል?

መፍትሔው አይታወቅም እንዳይባል፣ የኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 አሳፕ የተባለ መርሐ ግብር ጀምሯል። የሁለት ዓመት ዲግሪ ተማሪዎች የሙሉ ጊዜ ተመዝግበው በቅርብ የሚከታተላቸው አማካሪ፣ የመጽሐፍና የትራንስፖርት ድጋፍ ያገኛሉ። ማሟያ ኮርስ የሚያስፈልጋቸውን ተማሪዎች በዕጣ ከፍሎ ባነጻጸረ ጥናት በሦስት ዓመት ውስጥ ከመርሐ ግብሩ ተማሪዎች 40 በመቶ፣ ከሌሎቹ 22 በመቶ ተመርቀዋል።

ከዚያ በጣም ባነሰ ወጪ የሚሠራም አለ። ሬጅስትራሩ በየሴሚስተሩ ከውጤቱ ጋር ለተማሪው የቀሩትን ክሬዲቶች፣ የተዘጉበትን ኮርሶችና በያዘው ፍጥነት የሚመረቅበትን ሴሚስተር አያይዞ ይስጠው። መረጃው ሁሉ በሬጅስትራሩ እጅ ነው።