የትኛውን ውሃ?

አዳማ፣ አንድ ግቢ፣ ስምንት ቤት፣ አንድ ሽንት ቤት። ጎረቤቴ ከኤርትራ የመጣች ስደተኛ ናት። አምስት ሆነው አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ያድራሉ። በዚህ ሙቀት! ውሃ ከመጣ ሳምንት አልፎታል፤ ጄሪካኖቹ ቧንቧው ሥር ተሰልፈው አቧራ ይጠጣሉ። አከራያችን ደግሞ «ሰው በዝቷል፣ ውሃ ትጨርሳላችሁ» ብለው ኪራይ ጨመሩባት። የትኛውን ውሃ?

የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ሠርታችሁ መኖር ትችላላችሁ ይላል። ወረቀት ላይ እንዴት ያምራል! እሷ ግን ሥራ ልትጠይቅ ስትሄድ፣ ገና የስደተኛ መታወቂያዋን ሲያዩ «እንደውልልሻለን» ይሏታል። እስካሁን የደወለ የለም። ልብስ አጥባ ነው የምታድረው፤ እሱም ውሃ ሲኖር።

ትናንት ቡና ሳፈላ ትንሹ ልጇ ቆሎውን ዓይን ዓይኑን ሲያይ ዘግኜ ሰጠሁት። ግማሹን ለእህቱ ብሎ ኪሱ ከተተ።