መርዶ ቅዳሜን ሲጠብቅ

ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ሲንኳኳ ባለቤቴ ልብሱን ለብሶ ሳሎን ቁጭ ብሎ ነበር፣ እዛ ጋ ነው ነገር እንዳለ የነቃሁት። በመስኮት ሳይ አራት መኪና ቆሟል፣ አንዷ ጓደኛዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላ ወንበር ፔርሙዝ እያወጣች ነው። አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ውስጥ ሐበሻ በዛ ሰዓት ተሰብስቦ ቤትህ ከመጣ ለሌላ ነገር አይደለም፣ ሊያረዳህ ነው።

አባቴ ነበር። ካለቀስኩ በኋላ፣ ማለት ትንሽ ትንፋሽ ሳገኝ፣ "መቼ?" ብዬ ጠየቅኩ። ማንም አልመለሰልኝም። አንዱ ወለሉን ያያል፣ አንዷ ቡና ትቀዳለች። ለካ 19 ቀኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ መጀመሪያ የነርሲንግ ፈተና ስለነበረብኝ "ፈተናዋን ትጨርስ" ተባለ፣ ከዛ የልጄ ልደት ደረሰ "ልጅቷ ልደቷን ታክብር" ተባለ፣ ከዛ ደግሞ ሰው ሁሉ ሥራ ስላለው ቅዳሜ ይሻላል ተባለ፣ በቃ እንዲህ እንዲህ እያለ 19 ቀን ሞላ። በመሃል እኮ በየሁለት ቀኑ ስደውል ነበር! "ተኝቷል"፣ "ጉሮሮውን አሞት ማውራት ከብዶታል"፣ አንድ ቀን እንዲያውም "ቤተክርስቲያን ሄዷል" አለኝ ወንድሜ፣ አሁን ሳስበው ውሸት አልነበረም፣ የተቀበረው እዛው ነው። ለመድኃኒት ብዬ 200 ዶላር ልኬያለሁ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የልደቱ ፎቶ ነው፣ እስክስታ ስወርድ የተነሳሁትን ፌስቡክ ላይ ለጥፌው፣ አዲስ አበባ ድንኳን ውስጥ ከርሞ የወጣው ዘመድ ሁሉ አይቶት፣ አንድ ሰው ኮሜንት አላደረገም። ምን ሆነው ነው ብዬ አኩርፌ ነበር።

ሰኞ ሥራ ደውዬ ፈቃድ ጠየቅኩ። አሜሪካ ውስጥ አሰሪ ለሐዘን ፈቃድ እንዲሰጥ የሚያስገድድ የፌዴራል ህግ የለም፣ የኔዎቹ ግን 3 ቀን ይሰጣሉ (አገር ቤትም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ላይ ያለው 3 የሥራ ቀን ነው፣ እኩል ነን)። ሴትዮዋ የሞተበትን ቀን ጠየቀችኝና ነገርኳት። ዝም አለች። "ባለፈው ወር ነው እኮ" አለችኝ በትህትና። በእንግሊዝኛ መርዶን ማስረዳት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? "አዎ ሞቷል፣ ግን ለኔ የሞተው ቅዳሜ ነው" አልኳት። ፈቃዱን ሰጠችኝ፣ ያመነችኝ ግን አይመስለኝም።

አብራኝ የምትሰራ የጋና ልጅ ግን ወዲያው ገባት። እነሱ ጋ ደግሞ ቀብሩ ነው የሚቆየው፣ ሬሳው ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ሬሳ ማቆያ ይቀመጣል፣ ቤተሰብ ጨርቅ ይመርጣል፣ የሟቹ ፎቶ በፖስተር መንገድ ላይ ይሰቀላል፣ ውጪ ያለው ልጅ ብር አጠራቅሞ ቲኬት ቆርጦ ገብቶ ወላጁን ይቀብራል። እኛ በማግስቱ ቀብረን ወሬውን እናቆያለን። እነሱ ሬሳውን እኛ ወሬውን። የቱ ይሻላል ብላ ጠየቀችኝ፣ የዛን ቀን መልስ አልነበረኝም።

አሁን አለኝ። ሰው መርዶውን ብቻውን አይስማ የሚለው ወግ ትልቅ ነገር ነው፣ ማንም አይንካብኝ። ወሬ በእግረኛና በደብዳቤ በሚመጣበት ዘመን አስበውበት ያወጡት ነው፣ ጎህ ሲቀድ የሚነገረውም ቀኑን ሙሉ ሰው እየመጣ እንዲያስለቅስህ ነው። ዘንድሮ አንዱ ሳያገናዝብ ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፎ "ነፍስ ይማር" ሲል ልጁ መኪና እየነዳ ሊያየው ይችላል፣ ያንን ሳስብ በአራት መኪና የመጡልኝን እግራቸውን ብስም ደስ ይለኛል። ግን መደበቁ ሌላ ነገር ነው። እንዳትደነግጥ ነው ይላሉ፣ አልደነገጥኩም እንዴ ታዲያ? ያዳኑኝ ከድንጋጤ ሳይሆን ከሠልስቱ ነው። ቤይሩትና ሪያድ ሰው ቤት ያሉ እህቶቻችን ላይ ግን አልፈርድም፣ ፓስፖርቷ አሰሪዋ እጅ ያለ፣ ብትወድቅ የሚያነሳት የሌለ ልጅን እናትሽ ሞተች ብሎ በስልክ መንገር… እሱን እኔም አልችለውም።

ባለፈው መጋቢት የአንድ ጓደኛችን እናት አዲስ አበባ ማክሰኞ አረፉ። እኛ ጋ ገና ቀን ነበር። የዋትሳፕ ግሩፕ ወዲያው ተከፈተ፣ ማን ቡና ይዞ ይመጣል፣ ማን ውሃና ሶዳ ከኮስኮ ይገዛል፣ "ቅዳሜ ጠዋት ይሁን?" አለ አንዱ። ዛሬ ማታ ነው አልኩ። ትልልቆቹ ተቆጡ፣ መርዶ በማታ አይነገርም፣ ነውር ነው፣ እንዴት ታድራለች። አብረናት እናድራለን አልኩ። ሦስት ሰው ብቻ ሆነን ሄድን፣ አንዷ የሥራ ዩኒፎርሟን እንኳ አልቀየረችም። ያንን ለቅሶ አልነግራችሁም። ስትረጋጋ "መቼ?" አለች።

"ዛሬ። ቀብሩ ነገ ነው።"

ሌሊቱን ስትጮህ ስትተኛ አደረች፣ እኛም ቲኬት ስንፈልግ። ቀብሩን ደለስ ኤርፖርት መሳፈሪያው በር ጋ ቁጭ ብላ ወንድሟ በያዘላት ስልክ አየችው፣ ለሠልስቱ ደረሰች። ከትልልቆቹ አንዷ እትዬ ግን እስካሁን አልማሩኝም፣ ቤተክርስቲያን ሲያገኙኝ "ያቺ በማታ ያረዳችው" እያሉ ነው ለሰው የሚያሳዩኝ።