እናቴ ከባሕር ዳር ጀርመን ስትገበያይ

የእኛ ሰፈር ሰው ስለ ጀርመን የሚያውቀው ሁሉ ከሱፐርማርኬት የመጣ ነው። ስለ ፖለቲካቸው ብትጠይቁን ራሳችንን እንነቀንቃለን እንጂ የምንለው የለንም። ስለ አይባቸውና ስለ ዳቦ ዓይነታቸው ግን የሰፈራችን እናቶች ቡና ላይ ሴሚናር መስጠት ይችላሉ። ምንጫችን ለትምህርት የሄደው ታናሽ ወንድሜ ነው። ቅዳሜ ጧት አስቤዛ ሊገዛ ሲወጣ በቪዲዮ ይደውላል፤ እናቴም ያን ጊዜ ቅዳሜ ገበያ መሀል ናት። እሱ ጋሪ እየገፋ፣ እሷ ዘንቢል አንጠልጥላ አብረው ይገበያያሉ።

ጋሪው ሳንቲም ካልጎረሰ ከሰንሰለቱ አይፈታም። ሲመልሱት ሳንቲሙን ይተፋል። ይህን እናቴ በቀላሉ ተቀበለችው፤ ያልተቀበለችው ዋጋውን ነው።

«በል ቀንሱልኝ በላቸው።»

«እማዬ፣ እዚህ የሚቀንስ ሰው የለም።»

«ምራቂስ?»

«እሱም የለም።»

እናቴ የሰማችውን ለበርበሬ ነጋዴዋ ነገረቻት። ነጋዴዋ ስልኩን አየት አድርጋ ከንፈሯን መጠጠች፤ ከክምሯም አንድ እፍኝ ዘግና «ይቺ ለልጁ» ብላ ዘንቢሉ ውስጥ ጨመረች።

እናቴ ጀርመኖችን የምትመዝነው በሃይማኖት ነው። እሑድ ሱቅ በሕግ ዝግ መሆኑን ስትሰማ ሰንበት አክባሪዎች ናቸው ብላ ደስ አላት። በዐቢይ ጾም ደግሞ ከእንስሳ የመጣ ነገር እንደሌለበት የሚናገር የ«ቪ» ምልክት የታተመበት ወተት፣ አይብ፣ ቋሊማ ሳይቀር አሳያት። የጾም ቋሊማ! ለንስሐ አባታችን ሮጣ ነገረቻቸው። እሳቸው «ፍስክ ፍስክ የሚል ጾም ምኑ ተጾመ?» ብለው ዝም አሰኟት። እኔ ከእሳቸው ጋር ነኝ፤ እኛ ሽሮን ዶሮ ወጥ ለማስመሰል ደክመን አናውቅም።

ጀርመኖች ከእናቴ ዓይን የወደቁት በቁርስ ነው። ዳቦ ለሁለት ይሰነጠቅና የተፈጨ ጥሬ የአሳማ ሥጋ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና ቀይ ሽንኩርት ይደረግበታል። «ሜት» ይሉታል። እናቴ አማተበች። አባቴ ቁርጥ ሲባል ቢላ የሚያነሡ ሰው ናቸውና ነገሩን በርጋታ አዩት። «ጥሬነቱ ልክ ነው» አሉ፤ «የተሳሳቱት እንስሳው ላይ ነው።»

አሳም አሳየን። ጣና ዳር ላደገ ሰው አሳ ስንጥቡ ተገልጦ ቅላቱ ይታያል፣ ቀረሶ ነው አምባዛ ተብሎ ይጠየቃል። ልጁ ካርቶን ከፍቶ ያወጣው ግን በዳቦ ፍርፋሪ የተለወሰ ባለአራት ማዕዘን በረዶ ነው፤ ራስ የለው፣ ጭራ የለው። አባቴ ስልኩን ተቀብለው ቢያዩ ቢያዩ «ኧረ ለመሆኑ ይሄ በምኑ ይዋኝ ነበር?» አሉ።

ጤፋችንንም አገኘልን፤ ግሉተን የሚባለው የስንዴ ፕሮቲን ለማይስማማቸው በተለየው መደርደሪያ ላይ፣ የመድኃኒት በምትመስል ትንሽ ከረጢት። በጎረቤታቸው በሆላንድማ አንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ አውጥቶ ነበር። የዚያው አገር የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. የፈጠራ ብልሃት የለበትም ብሎ ባይሰርዘው ኖሮ እናቴ ሊጥ ለማቡካት ፈቃድ ትጠይቅ ነበር።

ይህ ሁሉ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። ሰፈሩን ያመሰው እንቁላሉ ነው።

የጀርመን እንቁላል ቅርፊቱ ላይ መታወቂያ ታትሞበታል። የመጀመሪያው ቁጥር የዶሮዋን ኑሮ ይናገራል፦ 0 ከሆነ ደጅ እየወጣች በተፈጥሮ መኖ ያደገች፣ 1 ደጅ የምትወጣ፣ 2 አዳራሽ ውስጥ ተለቅቃ የምትኖር፣ 3 በሽቦ ቤት የታጎረች ናት። ከዚያ የአገሩ ፊደልና የእርባታው ቁጥር ይከተላል። ይህ ባለማዕረግ እንቁላል ተቀቅሎ ሲቀርብ የራሱ መቀመጫ አለው፤ እንዳይቀዘቅዝም በሹራብ የተሠራ ቆብ ይደፉለታል። እናቴ ለልጇ ቆብ ገዝቶ እንደሆነ ጠየቀችው። አልገዛም።

ወዲያው የእኛ ቀይ ዶሮ ስንት ቁጥር ናት የሚል ክርክር ተነሣ። እህቴ ደጅ ስለምትውል 1 ናት አለች። አባቴ መኖ የሚባል ገዝተንላት ስለማናውቅ 0 ናት አሉ። በእኔ በኩል፣ አጥር ጥሳ የሰው ስጥ የምትለቅም ዶሮ የሚያስፈልጋት የክስ መዝገብ ነው።

ባለሱቁ ጎረቤታችን ይህን ሰምቶ ኖሯል። በሳምንቱ እንቁላሎቹ ሁሉ በእስክሪብቶ 0 ተጽፎባቸው፣ በእያንዳንዱም ላይ ሁለት ብር ተጨምሮ ጠበቁን።

«ከየትኛው እርባታ ነው የመጣው?» አለች እህቴ።

«ከዚሁ ከጓዳ።»

በመጋረጃው አሻግረን ብናይ የእኛ ቀይ ዶሮ የጤፍ ጆንያ ላይ ተመቻችታ ተቀምጣለች። እህቴ አፏን ከመክፈቷ በፊት ባለሱቁ ፈርጠም ብሎ «ሁለቱ ብር የማደሪያዋ ነው» አላት፤ ደግሞም ያለፈውን ወር ማን ይከፍለኛል ብሎ ደብተሩን ገለጠ።