«ቅጠል አምላኪ» ማለት ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን በአንድ የኤፍኤም ውይይት ላይ ስለ ባህል ሕክምና ሲወራ፣ አንድ እንግዳ «ሂንዱዎች ቅጠል ያመልካሉ፤ እኛ መድኃኒቱን ወስደን አምልኮውን እንጣለው» አሉ። አዘጋጁ ስቆ አለፈ። እኔ ማለፍ አቃተኝ።

ሕንድ፣ ፑኔ ከተማ ስማር የተከራየሁበት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከፍ ባለ የድንጋይ መደብ ላይ የተተከለች ቱልሲ የምትባል መዓዛማ ተክል ነበረች። የቤቱን ባለቤት አሮጊት በአካባቢው ቋንቋ በማራቲ «አጂ» እንላቸዋለን፤ አያቴ እንደማለት ነው። ጠዋት ገላቸውን ሳይታጠቡ አይጠጓትም። በናስ ዕቃ ውሃ ያፈሱላታል፣ ይዞሯታል። ሲመሽ ሥሯ መብራት ያበራሉ።

ታዲያ ቅጠል ማምለካቸው ነው? በፍጹም! ለአጂ ቱልሲ ከሂንዱ ታላላቅ አማልክት አንዱ የሆነው የቪሽኑ ወዳጅ፣ እንስት አምላክ ናት። በየዓመቱ ካርቲክ በሚሉት የሂንዱ ወር ለቪሽኑ ትዳራለች፤ ግቢው ሰርግ ቤት ይሆናል። እኛን መስቀል ስንሳለም አይቶ «እንጨት አመለኩ» የሚል ቢመጣ እንዴት እንደምንንገበገብ አውቃለሁ።

የባሰው ግን «መድኃኒቱን ወስደን» የሚለው ነው። አንድ እሁድ ሳል ያዘኝና አጂን ቅጠል ለመንኳቸው። «እሁድ አይቀጠፍም» አሉኝ። ኤካዳሺ በሚሉት የሂንዱዎች ጾም ቀንም፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም አይቀጠፍም። ቀድመው ያደረቁትን አምጥተው በዝንጅብልና በቁንዶ በርበሬ አፈሉልኝ። ያኔ ግትርነት መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ይገባኛል። ተክሏ የምታርፍበት ቀን አላት። ማንም ተነስቶ አይመለምላትም። መድኃኒት ብቻ ብትሆን ኖሮ በአንድ የጉንፋን ወቅት ግንዷ ብቻ ይቀር ነበር! በጎጃምና በጎንደር ሜዳው ሁሉ ተመንጥሮ በየደብሩ ዙሪያ ጽዱና ወይራው የቆመው በዘበኛ ብዛት ነው እንዴ? የደብሩ ስለሆነ ነው። በአጂ አገርም እንዲህ ያለውን ደን «ዴቭራይ» ይሉታል፤ የአማልክት ደን ማለት ነው። አምልኮው አጥሩ ነው። አጥሩን አፍርሰህ ቅጠሉን አታገኘውም።

አጥሩን ሳያዩ ቅጠሉን ብቻ ሊወስዱ የመጡም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ እርድ ቁስል ያድናል ብላ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት ሰጠች። እርድ እኮ ሂንዱዎች ሙሽራ የሚቀቡት፣ ለአማልክት የሚያቀርቡት ነው! ሕንዶች ጥንታዊ የሳንስክሪት ጽሑፍ ሳይቀር አቅርበው በ1997 አሰረዙት። ኒም በሚባለው ዛፍ ዘይት ላይ አውሮፓ በ1994 የሰጠው ፓተንትም በ2000 ተሻረ፤ ይግባኙም በ2005 ወደቀ። የሆላንድ ኩባንያ በጤፋችን ፓተንት ሲያወጣ የጮህነው እኛ፣ «መድኃኒቱን ወስደን» ሲባል ዝም እንላለን?

ቱልሲ ሁሉን ታድናለች አላልኩም። ስኳርና ካንሰር ያለበት ሐኪም ቤት ይሂድ። ነገር ግን ዕውቀቱን ከነሕይወቱ ያቆዩልን ለተክሏ የሚሰግዱት እንጂ የሚስቁባት አይደሉም።

በሶብላና ዳማከሴ የቱልሲ የቅርብ ዘመዶች መሆናቸውን እንግዳው ያውቁ ይሆን? በልጅነታቸው ምች ሲመታቸው፣ በስመ አብ ብላ ዳማከሴ ቀጥፋ፣ በእጇ አሽታ ያሸተተቻቸው ማን ነበረች? ቅጠሉን ተቀብለው በስመ አቡን ይመልሱላት ነበር?