ጨርቁ ባዶ ስለሆነ ግጦሹ ከመዥገር ነፃ ነው ማለት አይደለም

ሰላም ለሁላችሁ፣ "ነጭ ጨርቅ ሳር ላይ ጎትታችሁ ምንም ካልያዘ ግጦሹ ንፁህ ነው፣ መድኃኒት አያስፈልግም" የሚል ኮመንት ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው፣ ግን ልክ አይደለም። ጨርቅ የሚይዘው ሳር ጫፍ ላይ ወጥቶ የፊት እግሩን ዘርግቶ ከብት እስኪያልፍ የሚጠብቀውን መዥገር ነው፣ በተለይ ጤፍ የሚያካክሉትን እጮች። እኛ አገር በብዛት የምናየው አምብሊዮማ ቫሪጌተም የሚባለው የመዥገር ዓይነት ግን ካደገ በኋላ መሬት ላይ ቅጠል ስር ተደብቆ ይቆይና የከብት ትንፋሽ ሲሸተው ራሱ ሄዶ ነው የሚወጣበት፣ ስለዚህ ጨርቁ በላዩ ላይ አልፎት ይሄዳል።

ማረጋገጥ የምትፈልጉ ድራይ አይስ (በጣም ቀዝቅዞ የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ካገኛችሁ ነጭ ጨርቅ መሬት ላይ አንጥፉና መሃሉ ላይ አስቀምጡት (በባዶ እጅ እንዳትነኩት)፣ በከብት ትንፋሽ ውስጥም ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሱ ስለሚወጣ የተደበቁትን ይጠራቸዋል። ካልተገኘም ችግር የለም፣ ከብቱን ራሱን አገላብጣችሁ እዩ፣ ጡት፣ ብብት፣ ጭራ ስር፣ በጣት እየዳሰሳችሁ። ምክንያቱም ጨርቁን አምኖ ከብቱን ማየት የተወ ሰው ብዙ ጊዜ የሚነቃው የአምብሊዮማ ረጅም አፍ የላሟን ጡት ካቆሰለው በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ጡቷ እስከመጨረሻው ሊደፈን ይችላል።