ሂተር ቆርጦ መጣል ጥገና አይደለም!

አሮጌ መኪና የምትወዱ እስቲ ስሙኝ፤ ውስጤ እየተንተከተከ ነው።

ትናንት ማታ ዝናብ ውስጥ ስነዳ የፊት መስታወቱ ከውስጥ ጉም ለበሰ። የሂተሩን ማንሻ እስከ መጨረሻው ገፋሁት፤ ምንም የለም። በአንድ እጄ መሪ፣ በሌላው ጨርቅ ይዤ መስታወት እየጠረግሁ ነው ቤቴ የገባሁት። ሰው ቢሻገር ኖሮ አላየውም ነበር።

ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ ብመለከት የሞተሩን ሙቅ ውሃ ወደ ሂተሩ የሚወስዱትና የሚመልሱት ሁለት የጎማ ቱቦዎች የሉም! ውሃው ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) በሚወጣበት አፍ ላይ ጣት የምታህል ቁራጭ ጎማ ተሰክታለች። ጫፏ ላይ የዛገ ቡሎን ተወትፎ በፋሼታ (በጎማ ማጥበቂያ ቀለበት) ታስሯል፤ ፋሼታው ከመጥበቁ የተነሳ ጎማውን በልቶት በስንጥቁ ዙሪያ ኩላንት (የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ) ደርቋል። ያ ቡሎን መንገድ ላይ ቢወረወር የሞተሩ ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቅ ነበር። ጎማዎቹ ያልፉበት የነበረው፣ ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል የሚለየው ላሜራ ላይ ያለው ቀዳዳ ደግሞ ክፍቱን ቀርቷል። የሞተር ክፍሉ ጭስ ወደ እኛ ሊገባ ማለት ነው! ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ይገድላል።

ዳሽቦርድ ስር ያለችው ትንሿ የሂተር ራዲያተር ስታፈስ ሥራው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ብዙ መኪና ላይ ዳሽቦርዱ መውረድ አለበት። ግን መጀመሪያ ይታይ እንጂ! አንዳንዴ የሚያፈሰው ጎማው ወይም የሂተሩ መዝጊያ ብቻ ነው። ምንጣፉ ረጥቦ፣ ጣፋጭ ሽታ መጥቶ፣ መስታወቱ ላይ ቅባት የመሰለ ነገር ከተለጠፈ አዎ፣ ራዲያተሯ ናት። የድሮዎቹ ደግሞ መዳብና ነሐስ ስለሆኑ በስታኞ (ቀልጦ በሚያጣብቅ ለስላሳ ብረት) ይበየዳሉ። የኔን ግን መካኒኮቹ ነቅለው ጥለዋታል።

«ብርድ በሌለበት ሂተር ምን ይሠራል?» ይሉኛል። መስታወት ያደርቃል! ሞተር ሲግልም ሂተር ከፍተህ የተወሰነውን ሙቀት ታስወጣለህ፤ ዳገት ላይ ስንቱን ሞተር አድኗል።

የግድ ከሆነም ሁለቱ አፎች በአንድ ሙሉ ጎማ ይገናኙ እንጂ በቡሎን አይደፈኑ። አንዳንድ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ዋናው ራዲያተር መንገድ የሚከፍተው) እስኪከፈት፣ ብዙውን ጊዜ እስከ 82 ወይም 88 ዲግሪ ድረስ፣ ውሃው የሚዞረው በሂተሩ መስመር ነው። እሱን ስትደፍነው ውሃው ባለበት ይቆማል፣ ቴስታታው አንድ ቦታ ላይ ይግላል፣ የሙቀት መለኪያው ግን ዘግይቶ ነው የሚነግርህ።

ቮልስ ለብቻው ነው። ውሃ የለውም፤ ሙቀቱ የሚመጣው ጭስ ማውጫውን ከከበበው ሳጥን ስለሆነ፣ ያ ከዛገና ከተበሳ እስኪቀየር መዝጋት ትክክል ነው። እሱን አልከራከርም።

እኔን ያቃጠለኝ መካኒኮቹ አለመናገራቸው ነው። ማንሻው ዳሽቦርዱ ላይ እንዳለ ትተው፣ አንድ ቃል ሳይነግሩኝ መኪናዋን አስረከቡኝ። ቤተሰቤን ጭኜባት ስንት ጊዜ ሄጃለሁ!

ዛሬ ቡሎኑን አውጥቼ በአዲስ ጎማ አገናኝቻለሁ፤ የላሜራውንም ቀዳዳ ደፍኛለሁ። አሁን ራዲያተሯን እየፈለግሁ ነው። ቤታችሁ የተነቀለ አሮጌ ሂተር ካለ፣ ቢያፈስም እባካችሁ አትጣሉት።